በዘጠኝ ዓመቱ አፉን የፈታ ልጅ፦ በቀኝ አንጎል ብቻ ስለተገኘ ቋንቋ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

አንድ ልጅ ስምንት ዓመት ሞልቶት ካልተናገረ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። "ከእንግዲህማ አለፈው" ይባላል። ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አልተናገሩም። ንግግር በልጅነት ካልመጣ አይመጣም፤ ቦታውም የአንጎል ግራ ጎን ነው ይሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ብሬይን የተባለው የነርቭ ሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የለንደን ተመራማሪዎች የተከታተሉት የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ አልተናገረም። የአንጎሉ ግራ ጎን በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል። ከዚያ በኋላ ተናገረ። ሁለቱንም እምነቶች በአንድ ጊዜ የነካ ጉዳይ ስለሆነ ነው እዚህ በዝርዝር የማቀርበው። የልጁን ስም አልጠቅስም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ቋንቋ ወደ ግራ ያደላል ሲባል

በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ መረመረ። ሰውየው የሚነገረውን ይረዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን "ታን" የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ታየ። የተጎዳው በግራ በኩል ከፊት ያለው ክፍል ነበር። ብሮካ ሌሎች ተመሳሳይ ሕመምተኞችን ካየ በኋላ በ1865 "የምንናገረው በግራው ንፍቀ አንጎል ነው" አለ። ንፍቅ ማለት ከሁለቱ የአንጎል ጎኖች አንዱ ነው። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነት ጉዳት ገለጸ። የእሱ ሕመምተኞች እንደ ልብ ያወራሉ፤ ንግግራቸው ግን ትርጉም የለውም፤ የሰው ንግግርም አይገባቸውም። የእነሱም ጉዳት በግራ በኩል ነበር፤ ከብሮካው ቦታ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ።

ቁጥሩን ያመጣው ሌላ ዘዴ ነው። ጁን ዋዳ የተባለ ሐኪም በ1949 ይፋ ያደረገው ምርመራ አለ። አንገት ላይ ባለው ትልቅ የደም ሥር በኩል የማደንዘዣ መድኃኒት ወደ አንድ የአንጎል ጎን ብቻ ይላካል። ሰውየው እጆቹን ዘርግቶ ቁጥር ይቆጥራል። መድኃኒቱ የደረሰው ወደ ግራ ጎን ከሆነ ቀኝ እጁ ይወድቃል። ቋንቋው እዚያው ጎን ካለ ቆጠራው ይቋረጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም ይመለሳል። በካናዳ ሞንትሪያል ራስሙሰንና ሚልነር በዚህ ዘዴ የተመረመሩ ሰዎችን ውጤት በ1977 አወጡ። ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች 96 በመቶው ቋንቋቸው በግራ ነበር። ከግራኞች ደግሞ 70 በመቶው በግራ፣ 15 በመቶው በቀኝ፣ 15 በመቶው በሁለቱም ነበር።

ቁጥሩን ልብ በሉ። ግራኝም ቢሆን አብዛኛው ሰው ቋንቋው በግራ ነው። ግን ሁሉም ሰው አይደለም። በቀኝ አንጎላቸው እየተናገሩ ምንም የማይጎድላቸው ጤነኞች አሉ።

ቀኙም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። በአማርኛ "መጣ" ብለን መናገርም መጠየቅም እንችላለን። ልዩነቱ የድምፁ መውጣትና መውረድ ነው። ይህን ዜማ፣ የተናጋሪውን ስሜት፣ ቀልድና ሽሙጥን በመረዳት ቀኙ ንፍቅ ትልቅ ድርሻ አለው። ቀኝ አንጎላቸው በስትሮክ የተጎዳ አንዳንድ ሰዎች ቃላቱንም ሰዋስዉንም ይዘው ቀልድ አይገባቸውም።

በነገራችን ላይ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞረው "የግራ አንጎል ሰው ነህ ወይስ የቀኝ?" የሚለው ፈተና ከዚህ ጋር አይገናኝም። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል ተመልክተው ነበር። አንዳንድ ሥራዎች ወደ አንድ ጎን እንደሚያደሉ አይተዋል። በጠቅላላው "ግራ" ወይም "ቀኝ" የሚባል ሰው ግን አላገኙም።

ልጁና ሕመሙ

ልጁ የተወለደው ስተርጅ ዌበር በሚባል ሕመም ነው። ሕመሙ በዘር አይተላለፍም። በማኅፀን ውስጥ በሚፈጠር የጂን ለውጥ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ምልክት ያሳያል። ዋናው ጣጣ ግን ከውስጥ ነው። አንጎልን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ያልተፈለጉ የደም ሥሮች ይበዛሉ። ደም በአግባቡ አይዘዋወርም። ከሥሩ ያለው የአንጎል ክፍል ኦክሲጅን እያጣ ይጎዳል፤ ካልሲየም ይጠራቀምበታል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው አንዱን ንፍቅ ብቻ ነው። ከዚያ የሚጥል በሽታ ይከተላል። ከታመመው ጎን ተቃራኒ ያለው እጅና እግርም ይደክማል።

በዚህ ልጅ ላይ የታመመው ግራው ነበር።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሚጥል በሽታው ምክንያት መድኃኒት ይወስዳል። እኩዮቹ ሲኮላተፉ፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገር ሲገጣጥሙ እሱ ንግግር አልጀመረም። የመረዳት ችሎታውም ቆሟል። ነጠላ ቃላትንና ቀላል ትእዛዞችን የሚረዳው በሦስትና አራት ዓመት ልጅ ልክ ነበር። ዕድሜው ሲጨምር ይህ ልክ ከፍ አላለም።

ችግሩ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የጉዳዩ ዋና ነገርም ይኸው ይመስለኛል።

የሕፃን አንጎል ተለዋዋጭ ነው። በወሊድ አካባቢ በስትሮክ ግራ አንጎላቸው የተጎዳ ሕፃናት አብዛኞቹ አድገው ይናገራሉ። ቀኙ ንፍቅ ሥራውን ይረከባል። ታዲያ የዚህ ልጅ ቀኝ አንጎል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለምን ስምንት ዓመት ሙሉ አልተረከበም?

አንዱ መልስ ግራው አለመሞቱ ነው። ቢሞት ኖሮ ቀኙ ቦታውን ይይዝ ነበር። እሱ ግን ታሞ በሕይወት አለ። ሁለቱን ንፍቆች የሚያገናኝ ወፍራም የነርቭ ገመድ አለ። ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች ያልፉበታል። የሚጥል በሽታ የኤሌክትሪክ ማዕበል በዚህ በኩል ወደ ጤነኛው ጎን ይሻገራል። ቀኙ ለመማር በተዘጋጀ ቁጥር ከግራ በሚመጣ ሁከት ይረበሻል። ቤት ውስጥ ቀን ከሌት የሚጮህ ጎረቤት እያለ ማጥናት እንደማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ መድኃኒቱ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የነርቭ ሴሎችን ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ያበርዳሉ። አንዳንዶቹ፣ በተለይ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ ንቃትንና ትምህርትንም አብረው ያበርዳሉ። ባይወሰዱ ደግሞ ማዕበሉ ይብሳል። ቤተሰብና ሐኪም በሁለት ክፉ ነገሮች መሀል ነው የሚቆሙት።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ልጁ ስምንት ዓመት ተኩል ሲሆነው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የግራው ንፍቅ የላይኛው ሽፋን፣ ማለትም የምናስብበት ግራጫው ክፍል፣ እንዲወጣ ተደረገ።

ለሰሚ ያስደነግጣል። ለሕክምናው ግን አዲስ አይደለም። በ1928 አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በዕጢ ምክንያት አንድ ሙሉ ንፍቅ እንዳወጣ ጽፏል። ያወጣው ቀኙን ነበር። ግራውን መንካት ንግግርን ማጥፋት ነው የሚል ፍርሃት ነበር። በ1950 ደቡብ አፍሪካዊው ክራይናው በሚጥል በሽታ ለሚሠቃዩ ልጆች ሠራው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ላልበገረው የሚጥል በሽታ፣ ጉዳቱ በአንድ ንፍቅ ብቻ ሲሆን፣ የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ዋጋ ያስከፍላል። ከተቃራኒው ጎን ያለው እጅ ደካማ ይሆናል፤ በተለይ ጣቶች። የዕይታ ግማሽም ይጠፋል። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ ይራመዳሉ።

ለዚህ ልጅ ሐኪሞቹ የሚጠፋ ንግግር አለ ብለው የሚፈሩበት ምክንያት አልነበረም። ገና ያልመጣ ነገር አይጠፋም። ዓላማው ሕመሙን ማስታገስ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ መድኃኒቱን ማቆም ነው። ይህ የሆነው ልጁ ዘጠኝ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ልጁ በድንገት መናገር ጀመረ።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው "በድንገት" ነው ያሉት። ለብዙ ዓመት ቆሞ የነበረው ነገር ተንቀሳቀሰ። ቃላት መጡ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር መጣ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው በተደረገለት የመጨረሻ ፈተና በመረዳትም በመናገርም ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ልጅ ልክ ደርሶ ነበር።

አነጋገሩ ጥርት ያለ ነው። ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። የሚለው ነገር ከሁኔታው ጋር ይገጥማል። የድምፅ ሥርዓት፣ ሰዋስው፣ ዜማና ትርጉም አራቱም መጥተዋል። ከአራቱ እኔን የገረመኝ ሰዋስው ነው። ብዙ ጊዜ ቀኝ አንጎል ቃላትን ይዞ ሰዋስውን አይችልም ይባል ነበር። ይህ ልጅ ያለው ቀኝ አንጎል ብቻ ነው። ሰዋስዉም ያደገው እዚያው ነው።

ያልተሟላው

ታሪኩ እንደ ተአምር ሲነገር ሰምቻለሁ። ተአምር አይደለም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ የስምንትና የአሥር ዓመት ልጅ ቋንቋ ማለት ከእኩዮቹ በብዙ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤቱም ዝቅተኛ ሆኖ ቀጥሏል። አንድ ንፍቅ የሁለቱን ሥራ ሲሸከም ቦታ ይጠበዋል የሚል ሐሳብ አለ፤ በዚህ ልጅ ላይም የሚሠራ ይመስላል። ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ንግግሩን አመጣ ማለትም ያስቸግራል። ንግግሩ የመጣው መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ነው። የትኛው እርምጃ ምን ያህል ሠራ የሚለውን ከአንድ ልጅ ታሪክ ነጣጥሎ ማውጣት አይቻልም። ሁለቱ ተከታትለው ነው የመጡት። መድኃኒቱን ለማቆም ያስቻለውም ቀዶ ሕክምናው ነው።

ጉዳዩ የቀሰቀሰው ክርክር

በ1967 ኤሪክ ሌነበርግ የተባለ ምሁር ቋንቋ የሚለመድበት የተወሰነ ዕድሜ አለ ብሎ ጻፈ። ከሁለት ዓመት ገደማ ይጀምርና በጉርምስና አካባቢ ያበቃል አለ። ምክንያቱ ቋንቋ በአንድ የአንጎል ጎን ተጠቃልሎ መቀመጡ ነው ብሎ ገምቷል። በ1973 ስቲቨን ክራሸን ይህ መጠቃለል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ሲል ተከራከረ።

የለንደኑ ልጅ ሌነበርግን አፈረሰ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዘጠኝ ዓመት ገና ከጉርምስና በፊት ነው። ጉዳዩ በደንብ የሚነካው በሩ በአምስት በስድስት ዓመት ይዘጋል የሚሉትን ነው። ተመራማሪዎቹም የጻፉት የልጅነት መጀመሪያ ለንግግር የግድ ወሳኝ ነው የሚለውን ሰፊ እምነት እንደሚፈትን ነው።

ጎን ለጎን መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተገኘች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት፣ የሚያናግራት ሰው ሳይኖር ያደገች ናት። ከወጣች በኋላ ብዙ ቃላት ተማረች። ሰዋስው ግን አልያዘላትም። በሁለቱ ጆሮዎቿ የተለያየ ድምፅ እያሰሙ ሲመረምሯት ቋንቋን የምታስተናግደው በቀኝ አንጎሏ ሆኖ ተገኘ፤ ግራው በሕይወት እያለ።

ሁለቱም ልጆች በቀኝ አንጎል ነው የተማሩት። አንዱ ሰዋስው አገኘ፤ ሌላዋ አላገኘችም። ዕድሜያቸው ይለያያል፤ እሷ አሥራ ሦስት፣ እሱ ዘጠኝ። የደረሰባት በደልም የራሱ ጠባሳ አለው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየኝ ግን መስማት ነው። ልጁ ባይናገርም ሲነገረው ነው ያደገው። ቤተሰብ ያናግረዋል፤ ያዘዋል፤ የሦስትና አራት ዓመት ልጅ ያህልም ይረዳል። ጆሮው ሥራ ላይ ነበር። እሷን ያናገራት የለም።

በ2020 የታተመ የዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያበራዋል። ጤነኛ ትንንሽ ልጆች ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ቀኙም ግራውም ንፍቅ ይሠራል። ዕድሜ ሲጨምር የቀኙ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ማለትም ቋንቋ ሲጀመር በሁለቱም በኩል ነው፤ ወደ ግራ የሚጠቃለለው ቀስ እያለ ነው። ሕፃናት ከአዋቂ በተሻለ ከጉዳት የሚያገግሙት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለሌላው የሚተርፈው

መጀመሪያ ለወላጅ። የማይናገር ልጅ የማይሰማና የማይማር አይደለም። "አይገባውም" ተብሎ ንግግር የሚቀነስበት ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ማናገር፣ ስሙን መጥራት፣ ነገሮችን እያሳዩ መጥራት መቆም የለበትም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ሲዘገይ "ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው" ተብለው አማርኛውን የሚተዉበት ጊዜ አለ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት በሽታ አያመጣም። አማርኛውን መተውም መዘግየቱን አያድንም። እናትና አባት አቀላጥፈው የሚናገሩትን ትተው በሰባራ እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ሲያወሩ ልጁ የሚሰማው ቋንቋ ይሳሳል።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታን ይመለከታል። እኛ ጋ በጣም የሚበረክት ሕመም ነው። በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ተዘዋውሮ የተሠራና በ1990 የታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ እንዳለበት አሳይቷል። ልጅ ሲጥለው የሚታየን መውደቁ ነው። በመማር ላይ የሚያደርሰው ግን አይታይም። ልጁ አፍጥጦ ለጥቂት ሰከንድ "ጥፍት" የሚልበት፣ ተጠርቶ የማይሰማበት ዓይነትም አለ፤ አስተማሪ "ቀልቡን አይሰበስብም" ብሎ ያልፈዋል። የጀመረው ንግግር ወደ ኋላ የሚመለስበት ልጅ ደግሞ ሳይዘገይ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ይህን ታሪክ አንብቦ የልጁን መድኃኒት የሚያቆም ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። ለንደን ላይ የቆመው የበሽታው ምንጭ ከወጣ በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ነው። በራስ ውሳኔ በድንገት ማቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ማድረግ የሚቻለው መጠየቅ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። ርካሽ ነው፤ ይሠራል። በልጆች ላይ ግን መደንዘዝ ወይም መቅበጥበጥ ሊያመጣ ይችላል። ልጁ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ከፈዘዘ፣ ትምህርቱ ከወረደ፣ ይህን ለሐኪሙ መንገር ተገቢ ነው። መጠኑ ይስተካከል ይሆናል፤ ሌላ መድኃኒት ይሞከር ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ አዋቂ። ከዚህ ጉዳይ ተነስቶ አዋቂም በስትሮክ ግራ አንጎሉ ቢጎዳ ቀኙ ይረከብለታል ማለት አይቻልም። የአዋቂ ቋንቋ ቦታውን ይዟል። ማገገም አለ፤ ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በሥልጠና ደግሞ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ቀኙን ለመጠቀም የታሰበ አንድ ዘዴ በ1973 ቦስተን ላይ ተጀምሯል። መናገር ያቃተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መዝፈን እንደሚችል በመታየቱ ሐረጎችን በዜማ እያስባሉ፣ በግራ እጁ እያስመቱ ያለማምዱታል። ከዚያ ዜማው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል። የሚጠቅመው በተለይ የሚነገረውን እየተረዳ መናገር ላቃተው ሰው ነው። እንደ ቬርኒከ ሕመምተኞች እያወራ ለማይገባው ሰው ብዙም አይረዳም።